ኔትስኬ ከነክሩ ይታይ ወይስ ያለ ክሩ?

በድረ ገጽ የውይይት መድረክ ላይ ስለ ክር የተከፈተ ክር (የምላሽ ሰንሰለት) ነው። ከፋቹ አንድ ጥያቄና አንድ ጠንካራ አቋም ይዞ መጥቷል። 34 ኔትስኬ፣ ማለትም ከወገብ ክር ጋር የሚታሰሩ ትንንሽ የጃፓን ቅርጾች፣ ለሦስት ሳምንት ዐውደ ርዕይ ሊያቀርብ ነው። ያለው የመስታወት ሣጥን አንድ ብቻ ሲሆን ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 40፣ ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ የመስታወት መደርደሪያ አለው። ከሥራዎቹ 20ው የእንጨት፣ 9ኙ የዝሆን ጥርስ፣ 2ቱ የአጋዘን ቀንድ፣ የቀሩት 3ቱ ካጋሚቡታ የሚባሉት ባለ ብረት ክዳን ናቸው። ጥያቄው እንዴት ልደርድራቸው የሚል ነው። አቋሙ ደግሞ ሁሉም ክር ገብቶላቸው መታየት አለባቸው የሚል። ኪሞኖ ኪስ ስለሌለው የኤዶ ዘመን (ከ17ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን) ጃፓናዊ ትምባሆውን፣ ገንዘቡንና ኢንሮ የሚባለውን የመድኃኒት ሣጥን በክር አንጠልጥሎ ወገቡ ላይ ካለው ኦቢ ጋር ያስይዝ እንደነበር ያስታውሳል። ኦቢን መቀነት ብሎ ነው የተረጎመው፤ እናቶቻችን ብር የሚቋጥሩበት መቀነት ትዝ ሲል ነገሩ ወዲያው ይገባል። ክሩ ከመቀነቱ ሾልኮ እንዳይወድቅ በላይኛው ጫፉ የሚታሰረው ማገጃ ነው ኔትስኬ። እንግዲህ ክሩን የተነጠቀ ኔትስኬ ከኮት ላይ ተበጥሶ የወደቀ ቁልፍ ነው ባይ ነው።

27 ምላሽ መጣለት። ፍሬ ነገራቸውን በየቁጥራቸው አስቀምጣለሁ፤ ሰላምታውንና ምስጋናውን ትቻለሁ። ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. የመጀመሪያው መላሽ በለዘብታ ነው የገባው። አቋሙን በከፊል ይደግፋል፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ኔትስኬን ከሌላ ትንሽ ቅርጽ የሚለዩት ሂሞቶሺ የሚባሉት ሁለቱ የክር ቀዳዳዎች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ አንደኛው ጠበብ፣ ሌላኛው ሰፋ ይላል፤ የሰፋው ቋጠሮውን ውጦ እንዲያስቀር ነው። ቀዳዳዎቹ በጀርባ ወይም በሆድ በኩል ስለሚሆኑ፣ ፊቱን ወደ ተመልካች አዙሮ የተቀመጠ ሥራ ዋና ምልክቱን ደብቆ ይውላል። ክር ሲገባለት ግን ዐይን ክሩን ተከትሎ ወደ ጀርባ ይሄዳል። ለ34ቱም ማስገባት ሣጥኑን የሸማኔ ጉድጓድ ያስመስለዋል ብሎ ይሰጋል።

2. ሁለተኛው ይቃወማል፣ አክብሮቱን ሳያጓድል። ኪዮቶ ሚቡ ሠፈር በአንድ አሮጌ የሳሙራይ ቤት ውስጥ በ2007 የተከፈተው የሴይሹ ኔትስኬ ሙዚየምም ሆነ የልዑል ታካማዶ ስብስብ ያለበት የቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ሥራዎቹን በአብዛኛው ያለ ክር እንደሚያሳዩ ይጠቅሳል። በሁለቱም ስብስብ የሚበዛው የዘመናችን ቀራጮች እጅ ስለሆነ፣ ወገብ ላይ ውሎ ለማያውቅ ሥራ ክር ማስገባት ያልነበረ ታሪክ መፍጠር ነው ይላል። አራት ሳንቲ ሜትር በሆነ ነገር ላይ የ2 ሚሊ ሜትር ክር ብዙ ቦታ እንደሚሸፍንም ያክላል። በመጨረሻ ለሎስ አንጀለስ አንባቢዎች፣ ትልቁ የቡሼል የኔትስኬ ስብስብ ያለበት የካውንቲው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ከሊትል ኢትዮጵያ የእግር መንገድ መሆኑን ጠቁሟል፤ የጃፓን ክፍሉ ክፍት መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

3. ሦስተኛው ሁለቱንም ያርማል። ዓይነቱን ሳይለዩ መልስ የለም ነው ነገሩ። ካጋሚቡታ ማለት ከዝሆን ጥርስ ወይም ከእንጨት የተቦረቦረ ትንሽ ጎድጓዳ ሳሕንና በላዩ የሚገጠም የብረት ክዳን ነው። ክሩ ከሳሕኑ ጀርባ ባለች አንዲት ቀዳዳ ይገባና ከክዳኑ ሥር ካለች ቀለበት ይታሰራል፤ ክዳኑን ቦታው ላይ የሚይዘው የክሩ ውጥረት ብቻ ነው። ያለ ክር ዘንበል ተደርጎ ቢቆም ክዳኑ ይወድቃል፣ ሲወድቅም የሳሕኑን ቀጭን ከንፈር ይሸርፋል። ስለዚህ ሦስቱ ካጋሚቡታዎች ወይ ክር ይገባላቸዋል ወይ በጀርባቸው ይተኛሉ። ሁለት ፍንካች ሆኖ የሚገጠመው ማንጁም እንደዚሁ ነው። ሳሺ የሚባለው ረጅሙ ግን በመቀነቱ ውስጥ ተሰክቶ ስለሚውል ጫፉ ላይ አንድ ቀዳዳ ይበቃዋል። ከዚህ በኋላ ብዙዎቹ ሦስተኛው እንዳለው እያሉ ነው የቀጠሉት፤ ይገባዋል።

4. አራተኛው ክርክሩን ትቶ አሠራሩን ይዘረዝራል። ለስላሳ የተጎነጎነ የሐር ወይም የጥጥ ክር፣ ውፍረቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር። ከኢንሮ ጋር ለሚታይ ሥራ ከ130 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር ይዘጋጃል፣ ለብቻው ለሚታይ 30 ይበቃል። የክሩ ጫፍ በሙጫም በሻማም አይጠነክርም፤ ቀጭን የልብስ ክር ይጠመጠምበታል። ሌላ ቀጭን ክር በእጥፉ በጠባቡ ቀዳዳ ገብቶ በሰፊው ይወጣና ዋናውን ስቦ ያሳልፈዋል። ሁለቱ ጫፎች በሰፊው ቀዳዳ አፍ ላይ ይቋጠራሉ፣ ከዚያ ክሩ ከጠባቡ በኩል ቀስ ተብሎ ሲሳብ ቋጠሮው ይሰምጣል። አልሰምጥ ካለ በመርፌ አይገፋም፤ ተፈትቶ አነስ ብሎ ይቋጠራል። በመርፌ የተገፋ ቋጠሮ የቀዳዳውን ጠርዝ ይጭረዋል፣ ያ ጠርዝ ደግሞ የክር ዕድሜ የሚነበብበት ቦታ ነው። የዓሣ ማጥመጃ ናይሎን የሚያስቡ ካሉ ይተዉት ይላል። ቀጭንና ደረቅ ስለሆነ የእንጨት ጠርዝ ይበላል፣ ቋጠሮውም ይንሸራተታል።

5. አምስተኛው አንዲት ነገር ብቻ ጨምሮ ሄደ፦ ቀለም። ቀይና ወይን ጠጅ የሐር ክር እርጥበት ሲያገኝ ቀለሙን ለዝሆን ጥርስ ያወርሳል፤ ገብቶ የተቀመጠ ቀለም ደግሞ አይወጣም። መሞከሪያው ቀላል ነው። የክሩን ቁራጭ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ክብደት ጭኖ ማሳደር ነው። ጠዋት ጨርቁ ላይ የቀለም ጥላ ካለ ያ ክር አይሆንም። ኔትስኬ በቀለም ሐር ከረጢት አስገብቶ ለዓመታት መተውም ያው መዘዝ እንዳለው አስታውሷል።

6. ስድስተኛው ሳያስብ የጻፈ ይመስላል። አሮጌ ክር ያለባቸው ሥራዎች ካሉ በመቀስ ተቆርጦ በአዲስ ይተካ፣ ያደፈ ክር ዐውደ ርዕይ ያበላሻል አለ።

7. ሰባተኛው እሳት ሆኖ መጣ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም አንቱ ሲባባሉ ነበር፤ እዚህ ላይ አንተ ተጀመረ። አሮጌ ቋጠሮ ማስረጃ መሆኑን፣ ከሰፊው ቀዳዳ ውስጥ ደርቆ ከሥራው ጋር የተጣበቀ ክር ተስቦ ቢወጣ የቀዳዳውን አፍ ቆንጥሮ ይዞት እንደሚወጣ፣ መጀመሪያ ፎቶ እንደሚነሣ፣ ከዚያም ቋጠሮው በጎባጣ የእንጨት መርፌ ክር በክር እንደሚላላ ይዘረዝራል። ምክሩ ትክክል ነው። ስድስተኛውን ነጋዴ ብሎ መስደቡ ግን ለነገሩ ምንም አልጨመረለትም።

8. ስምንተኛው ውኃ ሊያፈስበት ሞከረ። ሐር ይበሰብሳል፤ ዛሬ ከምናያቸው ክሮች አብዛኞቹ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተተኩ ናቸው። ነጋዴዎች ከአንዱ ቤት ኢንሮ፣ ከሌላው ቤት ኔትስኬ፣ ከሦስተኛው ክሩን የምታጠብቀዋን ኦጂሜ ዶቃ አምጥተው በአንድ ክር ያጋቧቸው ስብስቦች ብዙ ናቸው። ስለዚህ በክር መያያዛቸው ብቻውን አብረው ለመኖራቸው ማስረጃ አይሆንም። በመግለጫ ካርዱ ላይ አብረው የታዩ ማለት እንጂ አብረው የተሠሩ ማለት አይገባም ይላል። ሰባተኛውም ስድስተኛውም አልመለሱለትም።

9. ለኔ ከሁሉ የበለጠው ይህ ነው። ዘጠነኛው የኪዮቶውን የቶሞታዳን የተኛ በሬ ምሳሌ ያነሣል፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በበሬዎቹ የታወቀ ቀራጭ ነው። የክር ቀዳዳዎቹ በበሬው ሆድ ላይ ናቸው። እንግዲህ ወገብ ላይ ሲውል ሆዱ ወደ መቀነቱ ይዞራል፣ ወደ ሰው የሚታየው ጀርባው ነው፤ የጀርባ አጥንቱ መሥመር፣ በጀርባው ላይ የተላለፈው የአፍንጫ ገመድ፣ ወደ ጎን የዞረው ራስ። እኛ ግን መስታወት ላይ በሆዱ አስተኝተን ከጎን እናየዋለን፤ ባለቤቱ በተሸከመው ማዕዘን አይተነው አናውቅም። ስለዚህ ዋናው ነገር ክር መግባት አለመግባቱ ሳይሆን ሥራው በየት በኩል እንዲታይ እንደተቀረጸ ነው። ሆዳቸው ላይ ቀዳዳ ያላቸው ወደ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል የአክሪሊክ ድጋፍ ላይ ጀርባቸውን ወደ ተመልካች ሰጥተው ይቀመጡ፣ ቀዳዳቸው በጀርባ የሆነ የሰው ምስሎች ደግሞ ይቁሙ፣ ከኋላቸው መስታወት ይደረግላቸው ብሎ ይመክራል። ያለ ክር ስለ ክር የሚናገር አቀማመጥ ማለት ነው።

10. አሥረኛው፣ ከ34ቱ ውስጥ ቀዳዳ የሌላቸው ካሉ ይውጡ፣ ቀዳዳ የሌለው ኔትስኬ ሳይሆን ለመደርደሪያ የተሠራ ኦኪሞኖ ነው አለ።

11. አሥራ አንደኛው ረጋ ብሎ አረመው። ክሩ በተፈጥሮ ክፍተት የሚያልፍባቸው ሥራዎች አሉ፦ በክንድና በጎን መሐል፣ በተጠማዘዘ ጅራት ሥር፣ በተጣጠፉ እግሮች መካከል። ጭምብል ኔትስኬ ደግሞ ጀርባው ላይ እንደ ድልድይ የተጋደመች ዘንግ አለችው። መለያው ቀዳዳ ሳይሆን ጠቅላላ አሠራሩ ነው። ኔትስኬ ጥቅልል ያለ፣ ልብስ የሚይዝ ሹል ነገር የሌለው፣ ሥሩም እንደ ፊቱ በጥንቃቄ የተጨረሰ ነው። ኦኪሞኖ ግን ከታች ጠፍጣፋ፣ ከላይ ዣንጥላና የዓሣ ዘንግ የተንጨፈረረበት ይሆናል። በሜጂ ዘመን (ከ1868 በኋላ) ልብሱ ወደ አውሮፓ ፋሽን ሲዞርና ትምባሆው ወደ ሲጋራ ሲለወጥ ብዙ ቀራጮች ወደ ኦኪሞኖ ዞረዋል፤ ኋላ ቀዳዳ ተበስቶላቸው ኔትስኬ ተብለው የተሸጡም አሉ። እንዲህ ዓይነቱን ቀዳዳው ራሱ ያጋልጠዋል፤ ሁለቱም እኩል ናቸው፣ ጠርዛቸውም ትናንት በመሰርሰሪያ እንደተበሳ ስለታም ነው።

12. ከፋቹ ተመለሰ። ዘጠነኛውን አመሰገነ፣ ከአቋሙም ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ቀጥሎ ስለ እርጥበት ጠየቀ፤ አዳራሹ በማሞቂያ የሚሞቅ ነው፣ ወቅቱም ብርድ።

13. ለጫማ ሣጥን የምትመጣዋን ሲሊካ ጄል አንድ 250 ግራም ያህል ሣጥኑ ውስጥ መበተን ይበቃል አለ አሥራ ሦስተኛው።

14. ይህ ምክር ባይታረም ጉዳት ያደርስ ነበር። አሥራ አራተኛው ሁለት ስሕተት አሳየ። አንደኛ፣ ከማሸጊያው የወጣ ደረቅ ሲሊካ ጄል እርጥበት አይጠብቅም፣ ይመጥጣል። የዝሆን ጥርስ ደግሞ ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለማይሸበሸብ በድንገት ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ብዙውን ጊዜ ስንጥቁ የሚጀምረው የነርቩ ቀዳዳ ካለበት መሐል ወይም ከቀጭኑ ጠርዝ ነው። ጄሉ አስቀድሞ 50 ከመቶ እርጥበት ባለው ክፍል በሰፊ ትሪ ተዘርግቶ ክብደቱ መለወጥ እስኪያቆም፣ አንድና ሁለት ሳምንት መቆየት አለበት። በየሁለት ቀኑ መመዘን ነው። ሁለተኛ፣ ልኬቱ። የተለመደው ለአንድ ሜትር ኩብ 20 ኪሎ ነው። ሣጥኑ 0.128 ሜትር ኩብ ስለሆነ 2.5 ኪሎ ያህል ያስፈልገዋል፤ 250 ግራም አንድ አሥረኛው ነው። ሰማያዊ ሆኖ ቀለሙን የሚቀይረው ዓይነትም እዚህ አይጠቅምም፣ የሚለወጠው ከምንፈልገው መጠን በታች ስለሆነ።

15. አሥራ አምስተኛው የድሮ ሰብሳቢዎች ዘዴ ነው ብሎ አንድ ብርጭቆ ውኃ ሣጥኑ ጥግ ማስቀመጥን አቀረበ። ከምንም ይሻላል፣ ነገር ግን በታሸገ ሣጥን ውስጥ ልክ ስለሌለው ሻጋታ ያመጣል የሚል ማስጠንቀቂያ ራሱ ጨምሮበታል። የሚሻለው ምክሩ ስለ መለኪያው ነው። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ብዙ ስለሚሳሳት አስቀድሞ ይፈተን። አንድ ክዳን ሙሉ የገበታ ጨው በጥቂት ውኃ እንደ ሊጥ ይርጠብ፣ ከመለኪያው ጋር በታሸገ ፌስታል ይደር፤ ጠዋት 75 ማለት አለበት። 68 ካለ 7 እየጨመሩ ማንበብ ነው።

16. ስለ ብርሃን የተጻፈው አንድ ምላሽ ብቻ ነው፣ ግን በቂ ነው። ቀለም ለተነከረ ጥርስና ላኬር ለሚባለው አንጸባራቂ ቅብ 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ)፣ ለደረቅ እንጨት እስከ 150። መብራቱ ኤልኢዲ ሆኖ ትራንስፎርመሩ ከሣጥኑ ውጭ ይሁን። በታሸገ ሣጥን ውስጥ ሙቀቱ ከ20 ወደ 25 ዲግሪ ቢወጣ 50 የነበረው እርጥበት ወደ 37 ይወርዳል፤ ጄሉ የሚሠራውን መብራቱ ያፈርሰዋል። አቅጣጫው ከፊት ሳይሆን ከጎን ዝቅ ብሎ ይምጣ፣ ከፊት የመጣ ብርሃን የቀራጩን ቢላ መሥመር ያጠፋዋልና።

17. አሥራ ሰባተኛው ሥራ እንዳይንሸራተት ከሥሩ የሚለጠፈውን የሙዚየም ሰም ያነሣል። ላኬር ባልተቀባ እንጨት ሥር ሰም ጥቁር ነጥብ ይተዋል፤ ከተፈለገ በሰሙና በሥራው መካከል ቀጭን የፖሊስተር ፊልም ይግባ። መስታወት መደርደሪያ ላይ ያለ ምንም መያዣ ማስቀመጥም አይሆንም። ሰው በሣጥኑ አጠገብ ሲራመድ መደርደሪያው ስለሚንቀጠቀጥ ሥራዎቹ ቀስ በቀስ ይዞራሉ፣ በሳምንት ውስጥ ጠርዝ ላይ የሚገኝ አለ። ክብ ማንጁ ደግሞ ከነጭራሹ ይንከባለላል። ስስ የፖሊኢትሊን ቱቦ የለበሱ ሁለት የናስ ካስማዎች ለአንድ ሥራ ይበቃሉ። ስለ ጓንት ሲናገር፣ ለእንጨቱ የእጅ ወዝ ይስማማዋል የሚሉ ሰብሳቢዎች እንዳሉና ሊቃወማቸው እንደማይፈልግ፣ ዐውደ ርዕይ ላይ ግን የሃያ ሰው እጅ ስለሚነካው ናይትራይል ጓንት ይለበስ ይላል።

18. እዚህ ክሩ ከመንገዱ ወጣ። አሥራ ስምንተኛው የቶሞታዳ ፊርማ ያለበት በሬ እንዴት ይታመናል ብሎ ጠየቀ።

19. መልሱ አጭርና ሹል ነው፦ ፊርማውን አትመን፣ በሬውን እይ። በ1781 ኦሳካ የታተመው፣ ከ50 በላይ ቀራጮችን የዘረዘረው ጽሑፍ ገና በዚያን ጊዜ የቶሞታዳ አስመሳዮች መብዛታቸውን ይናገራል። በአራት ማዕዘን ክፈፍ ውስጥ የተቀረጸችውን ፊርማ መቅዳት ቀላል ነው፤ የበሬውን የጎድን አጥንት በቆዳ ሥር እንዳለ አድርጎ መቅረጽ ነው የሚያስቸግረው። እርጅናም ሲመሰል ይታወቃል። እውነተኛ የዝሆን ጥርስ ብርሃን ባገኘው በኩል ገርጣ፣ ሰውነት በነካው በኩል ማር መሰል ይሆናል፣ ከፍ ያሉት ቦታዎቹም ተልገው ይለሰልሳሉ። ሻይ የተነከረ ይመስል ዙሪያውን እኩል የጠቆረ፣ በየስንጥቁ እኩል ቡናማ የተቀበረበት ሥራ ግን ዕድሜው ከገዢው ያንሳል።

20. ሃያኛው ከዚሁ ቀጠለ። የጋለ መርፌ ሙከራን በቁጣ ነው የከለከለው፤ ሬዚን (ጥርስ የሚያስመስል ፕላስቲክ) ከሆነ ይቀልጣል፣ ጥርስ ከሆነ የማይጠፋ ጠባሳ ይቀራል፣ በሁለቱም የሚያሸንፍ የለም። ይልቅ አሥር እጥፍ ማጉሊያ ተይዞ ሥሩ ይታይ። የዝሆን ጥርስ በአግድም ሲቆረጥ የሚጠላለፉ ቅስት መሥመሮች ያሳያል። ከውጭኛው ጠርዝ አጠገብ ሲለካ ማዕዘናቸው ከ115 ዲግሪ በላይ ከሆነ የዛሬ ዝሆን፣ ከ90 በታች ከሆነ ማሞዝ የሚባለው ዘሩ የጠፋ ጥንታዊ የዝሆን ዘመድ፤ በመካከል የወደቀው አይፈረድበትም። አጥንት ከሆነ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ፣ እነሱም የደም ሥር መተላለፊያዎች ናቸው። ሬዚን አረፋና የቅርጽ ማውጫ ስፌት ይኖረዋል። በ365 ናኖ ሜትር አልትራቫዮሌት ጥርስ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ይፈካል፣ አንዳንድ ሬዚንም ስለሚፈካ ግን ለብቻው አይበቃም።

21. ቀጥሎ የመጣው ስለ ክርም ስለ ሣጥንም አይደለም። ሃያ አንደኛው፣ አዲስ አበባ ላይ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. በአገራችን አቆጣጠር 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ እንደተቃጠለ አስታውሶ፣ ከአፍሪካ ተገድሎ የተወሰደን ነገር በመብራት አስውቦ ለማሳየት መከራከር አያሳፍርም ወይ አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አቀራረቡ ግን ሁሉንም በአንድ ድንጋይ የመታ ነበር።

22. ሃያ ሁለተኛው አልታገሠም። ስድቡን ዘልዬ ፍሬውን ልውሰድ፦ ከፋቹ ካሉት 34 ሥራዎች 20ው እንጨት መሆናቸውን ሳያነቡ መፍረድ እንደማይገባ፣ የኢዋሚ ቀራጮች በከርከሮ ክራንቻ፣ የሂዳው ሱኬናጋ ኢቺይ በሚባል እንጨት፣ የኢሴው ማሳናዎ ወገን ደግሞ ፁጌ በሚባል ጥቅጥቅ ባለ እንጨት ዕንቁራሪቶቻቸውን እንደሠሩ ይዘረዝራል። የዝሆን ጥርሱም ወደ ጃፓን በንግድ የገባ ውድ ዕቃ ስለነበር ብዙው ኔትስኬ የተቀረጸው ሻሚሰን የሚባለው ባለ ሦስት አውታር የጃፓን ሙዚቃ መሣሪያ መምቻ ከተቆረጠ በኋላ ከተረፈው ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ነው፤ የአንዳንድ ቀደምት ምስሎች ሦስት ማዕዘን መልክ ከዚያ የመጣ ነው። ይህ መልስ ግን ሃያ አንደኛው የጠየቀውን አይመልስም። ቁራጭም ቢሆን ከዝሆን ነው የመጣው።

23. ሃያ ሦስተኛው ሕጉን አስቀመጠ። በብሪታንያ በ2018 የወጣውና ከሰኔ 2022 ጀምሮ የጸናው ሕግ መያዝን ወይም ማሳየትን አይከለክልም፣ መሸጥን ነው። ከ1918 በፊት የተሠራና በጥበቡ እጅግ የላቀ ሥራ 250 ፓውንድ ተከፍሎበት የምስክር ወረቀት ሲያገኝ ይሸጣል። በአሜሪካ ከ2016 ወዲህ በክፍላተ ግዛት መካከል ለመሸጥ መቶ ዓመት መሙላቱን ማረጋገጥ የሻጩ ዕዳ ነው፤ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ከዚህም ያጠብቃሉ። ማሞዝ ስለ ብርቅዬ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት ባይያዝም አንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ሽያጩን ይከለክላሉ። ለዐውደ ርዕይ ድንበር የሚሻገር ሥራ ግን ባይሸጥም የፈቃድ ወረቀቱ ከጉዞው በፊት ይወጣል። በሻንጣ ይዞ ተሻግሮ ከዚያ ማስረዳት አይቻልም፤ ጉምሩክ ወርሶት ይቀራል። ለሃያ አንደኛው ደግሞ አንድ ሐሳብ አቀረበለት፦ ዘጠኙ የጥርስ ሥራዎች ካርድ ላይ ጥርሱ ከየት እንደመጣና ንግዱ ምን እንዳስከተለ አንድ መሥመር ይጻፍ። ሃያ አንደኛው ተቀበለው።

24. የመድረኩ አስተዳዳሪ ገብቶ ሁለት አስተያየት ማጥፋቱን ገልጾ፣ ወደ ጥያቄው እንዲመለሱ አሳሰበ።

25. ሃያ አምስተኛው እስከዚያ ድረስ ማንም ያላለውን አለ፦ ሥራው በዝቷል። ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ላይ በሁለት ረድፍ 34 ቢደረደር ለአንዱ አምስት ሳንቲ ሜትር እንኳ አይደርሰውም፤ ተመልካች ሁሉንም ያያል፣ አንዱንም አያይም። ሥራው ከመስታወቱ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ከራቀም ፀጉር መሰሉ መሥመር አይታይም፣ ስለዚህ የኋላው ረድፍ ከንቱ ነው። 18 ይበቃሉ፣ የቀሩት በሳምንት አንዴ ይቀያየሩ። ከሣጥኑ ጎን በሰንሰለት የታሰረ ማጉሊያ ቢቀመጥ ደግሞ ከየትኛውም መግለጫ ይበልጣል ይላል።

26. ከፋቹ የመጨረሻ ድልድሉን ጻፈ። በአንድ ጊዜ 18 ሥራ። ሦስቱ ካጋሚቡታዎች ክር ገብቶላቸው፣ ክሩም ከኋላ በቀስታ ተወጥሮ። ሆዳቸው ላይ ቀዳዳ ያላቸው ስምንት እንስሳት በዘጠነኛው ምክር ጀርባቸውን ሰጥተው። የቀሩት ቆመው፣ መስታወት ከኋላቸው። አንድ ብቻ ከነኢንሮው፣ ከነኦጂሜው ሙሉ ሆኖ መግቢያው ላይ። አቋሙን ተሸነፍኩ አላለም። ክሩ ሁሉም ላይ መሆን የለበትም፣ አንዱ ላይ ግን መጥፋት የለበትም ብሎ ነው ያለፈው።

27. የመጨረሻው መላሽ ያንን አንዱን ያዘ። ሙሉ ስብስቡን በሽቦ ላይ መስቀል አይገባም ይላል። 9 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው የወንድ መቀነት ያህል ጨርቅ በሰሌዳ ላይ ይጠምጠም፤ ኔትስኬው ከሥር በኩል በመቀነቱና በሰሌዳው መካከል ይግባና በላይኛው ጠርዝ ይውጣ፤ እዚያ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ይረፍ፣ ኢንሮው ከታች ይንጠልጠል። በኔትስኬውና በኦጂሜው መካከል ያለው ክር ከመቀነቱ ወርድ ማነስ የለበትም፤ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ አለዚያ ኢንሮው ወደ ላይ ተስቦ ጨርቁ ሥር ይቀረቀራል። ሰይፍ በግራ ይታጠቅ ስለነበር ሰሌዳው የሰውዬውን ቀኝ ወገብ እንዲመስል አድርጉት ካለ በኋላ፣ መቀነቱ ጥቁር ይሁን ወይስ ጥቁር ሰማያዊ ብሎ ጠይቆ ሄደ። እስካሁን የመለሰለት የለም።